ዝምታና እምቢታ

አካውንታንቷ፦ ና እስቲ ልጄ። «ከቤትዎ ሆነው የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን ከፍተው መሥራት ይችላሉ» ብለኸኝ ነበር። ቅዳሜን ሙሉ ስታገል ዋልኩ፤ አልገባም አለኝ።

የአይቲው ልጅ፦ እንዴት ነው አልገባም ያለዎት እትዬ?

አካውንታንቷ፦ እንዴት ይባላል? አልገባም አለ፣ አለቀ።

የአይቲው ልጅ፦ አላለቀም። ወዲያው ነው እምቢ ያለዎት ወይስ ዝም ብሎ ቆይቶ? የይለፍ ቃል ጠይቆዎት ነበር? ወይስ አስገብቶዎት ጥቁር ስክሪን አሳይቶ መለሰዎት?

አካውንታንቷ፦ ያው ነው እኮ። ባንክ ሄጄ «ሲስተም የለም» ስባል ምክንያቱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

የአይቲው ልጅ፦ ለደንበኛው ምንም ላያደርግ ይችላል። ለሚጠግነው ሰው ግን ከዚያ ሌላ ይዞ የሚነሣው ነገር የለም። ዝምታና እምቢታ ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። እምቢ ካለ ጥያቄዎ ደርሷል፤ ከወዲያ በኩል የበራ ማሽን አለ፣ በጠየቁት ፖርት ላይ የሚሰማ ፕሮግራም ግን የለም ማለት ነው። ዝም ካለ ደግሞ ወይ ጥያቄው አልደረሰም፣ ወይ መልሱ አልተመለሰም፣ ወይ መሀል ላይ ያለ ፋየርዎል ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል።

አካውንታንቷ፦ ትንሹ ልጄ በቴሌግራም «ይህን ጻፊና የሚልሽን ላኪልኝ» ብሎኝ ፎቶ አንስቼለት ነበር። ይኸው፣ እየው።

የአይቲው ልጅ፦ ኔትካት የሚባለውን ፖርት መፈተኛ ነው ያስጻፈዎት። ጎበዝ ነው። አድራሻው 192.168.1.20፣ ፖርቱ 3389፣ መልሱ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ»፣ እምቢታ ማለት ነው። ይሄ ወዲያው ነው የመጣው?

አካውንታንቷ፦ ኢንተርን ተጭኜ ጣቴን ሳላነሣ።

የአይቲው ልጅ፦ እንግዲያው የመለሰልዎት የቢሮው ኮምፒውተር አይደለም።

አካውንታንቷ፦ ይሄን ደግሞ በምን አወቅህ? ፎቶው ላይ አልተጻፈ።

የአይቲው ልጅ፦ የቢሮዎ ኮምፒውተር ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ ፋየርዎል ክፍት ያልሆነ ፖርት ሲጠየቅ «የለም» ብሎ አይመልስም። ጥያቄውን ይጥለዋል፤ ጠያቂው ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ ሲጠብቅ ይኖራል። ላፕቶፕዎ ላይ ያለው ኡቡንቱ ሊኑክስ ደግሞ ሲጫን ፋየርዎሉ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ማንም የማይሰማበትን ፖርት ከጠየቁት ወዲያውኑ «ሪፊውዝድ» ይልዎታል። ቲቪና ፕሪንተርም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው ናቸው። በሁለት ዓይነት ሲስተም መካከል ሲሆን ሰውን የሚያሳስተው ይኸው ነው፦ ብልሽቱ አንድ ሆኖ ሁለቱ የሚሰጡት መልስ ይለያያል። ዝም ማለት የሚገባው ማሽን እንዲህ ፈጥኖ እምቢ ካለ ሌላ ማሽን ነው። ቤትዎ ውስጥ በዋይፋይ የተገናኘው ምን ምን ነው?

አካውንታንቷ፦ የእኔ ስልክ፣ የልጆቹ ስልክ፣ ላፕቶፑ፣ ሳሎን ያለው ቲቪ።

የአይቲው ልጅ፦ እኔ የምጠረጥረው ቲቪውን ነው። በ192.168 የሚጀምር አድራሻ የግል አድራሻ ነው፤ በየቤቱና በየቢሮው ያለ ራውተር ሁሉ ያንኑ ቁጥር ደጋግሞ ያድላል። እዚህ ቢሮ 20 ቁጥር የእርስዎ ኮምፒውተር ነው፤ እቤትዎ 20 ቁጥር ለሌላ ተሰጥቷል። በኢንተርኔት ላይ ደግሞ ያንን ቁጥር ይዞ የትም መድረስ አይቻልም።

አካውንታንቷ፦ እኔ ቅዳሜን ሙሉ ከቲቪዬ ጋር ነዋ ስከራከር የዋልኩት!

የአይቲው ልጅ፦ ጥሩ ተከራካሪ ነው፤ ቢያንስ መልስ ይሰጣል።

አካውንታንቷ፦ በል እንግዲህ ትክክለኛውን አድራሻ ስጠኝ።

የአይቲው ልጅ፦ ቢሮው ወደ ውጭ የሚታይበት አንድ አድራሻ አለው፤ እሱም የራውተሩ ነው። ከራውተሩ ጀርባ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ በዚያ በአንዱ ነው የሚወጡት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ራውተሩ ላይ ገብቶ «3389 የሚጠይቅ ሲመጣ ወደ 20 ቁጥር ላከው» ማለት ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ አላደርገውም።

አካውንታንቷ፦ የአምስት ደቂቃ ሥራ ከሆነ ምን አስቸገረህ?

የአይቲው ልጅ፦ እርስዎ ብቻ አይደሉማ የሚያንኳኩት። 3389 በዓለም ሁሉ የታወቀ የሪሞት ዴስክቶፕ ፖርት ስለሆነ፣ ቀን ከሌሊት ኢንተርኔቱን እየዞሩ እሱን የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። ካገኙት የይለፍ ቃል እየቀያየሩ ይሞክራሉ። በፈረንጆቹ 2019 በግንቦት ወር ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ ሲገለጥ ደግሞ የይለፍ ቃል እንኳ የማያስፈልገው ሆኖ ተገኘ። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ወደ ኋላ ያሉትን የሚነካ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2014 ድጋፉን ላቋረጠለት ለኤክስፒ እንኳ ተመልሶ ማስተካከያ አወጣ። አንዳንዱ ፖርቱን ከ3389 ወደ ሌላ ቁጥር ቀይሮ ደብቄዋለሁ ብሎ ይተኛል። ፈላጊዎቹ ሁሉንም ፖርት ስለሚፈትሹ ቢቆይም ያገኙታል። የደንበኛ ሒሳብ ያለበትን ማሽን እንደዚያ አድርጌ አልተውም።

አካውንታንቷ፦ እሺ ተቀበልኩ። ኦዲተሩም ቢሰማ አይወደውም።

የአይቲው ልጅ፦ ቪፒኤን ነው የማደርግልዎት። ዋየርጋርድ የሚባለው ነጻ ነው፤ ዊንዶውስም ሊኑክስም ማክም ላይ ይሠራል። ላፕቶፕዎ እሱን ሲያበራ የቢሮው ኔትወርክ አባል ይሆናል፤ ሪሞት ዴስክቶፑ በዚያ ውስጥ ያልፋል። ግን በቅድሚያ የቢሮውን ኔትወርክ አድራሻ መቀየር አለብኝ፤ ለምሳሌ በ10.47 የሚጀምር።

አካውንታንቷ፦ ለምን? የነበረው ምን አለው?

የአይቲው ልጅ፦ ከቤትዎ ጋር አንድ ነው። ቪፒኤኑ ቢበራም ላፕቶፕዎ 192.168.1.20 ሲባል «ይሄማ እዚሁ ሳሎን ያለው ነው» ብሎ ወደ ቲቪው ይሄዳል። ቪፒኤን ተገናኘ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይከፈትም። ይህን ችግር ሳያውቁ ቪፒኤኑን ደጋግሞ አጥፍቶ ማብራት ብዙ ሰው አሰልችቷል። ሌላው የማየው የቢሮው መስመር ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ከሆነ ኩባንያው ራሱ ብዙ ደንበኛን በአንድ አድራሻ ጀርባ ሊያስቀምጥ ይችላል። ራውተሩ ከውጭ የተቀበለው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መካከል ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው፤ ያኔ ከውጭ ወደ እኛ የሚመጣ ጥሪ አይገባም። መሀል ላይ ሁለታችንም ወደ ውጭ ደውለን የምንገናኝበት ሰርቨር ያስፈልጋል።

አካውንታንቷ፦ እንበል ደረስኩ። ከዚያስ?

የአይቲው ልጅ፦ ከዚያ ማንነት ነው። ጠዋት ኮምፒውተርዎን ሲከፍቱ ምን ይጽፋሉ?

አካውንታንቷ፦ አራት ቁጥር።

የአይቲው ልጅ፦ እሱ ፒን ነው። ፒን ለዚያች ማሽን ብቻ የተሰጠ ነው፤ በሪሞት ዴስክቶፕ አይሠራም። ከሊኑክስ ሲሆን ዋናው የይለፍ ቃል ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ሰው ፒኑን ከለመደ በኋላ የይለፍ ቃሉን ረስቶታል። ከነጭራሹ የይለፍ ቃል የሌለው አካውንትም አለ፤ ዊንዶውስ እንደዚያ ያለውን ማሽኑ ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ በኔትወርክ ለመጣ አይከፍትም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቃል ግን ለሁሉም ያው «መግባት አልተቻለም» ዓይነት ነገር ስለሆነ ሰው ፋየርዎል መነካካት ይጀምራል።

አካውንታንቷ፦ የእህቴ ልጅ ግን «ይሄ ኮምፒውተር ጭራሽ አይቀበልም» ብሎ ስለ ራሱ ላፕቶፕ ሲያማርር ነበር።

የአይቲው ልጅ፦ ዊንዶውስ ሆም ይሆናል። ሆም ወደ ሌላ ይገባል እንጂ ወደ ራሱ ሰው አያስገባም፤ ለዚያ ፕሮ ያስፈልጋል። የእርስዎ ፕሮ ነው፣ አይቻለሁ።

አካውንታንቷ፦ እኔን የሚገርመኝ ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር ማንም ሳይነካው ዛሬ እምቢ ማለቱ ነው። የድሮው መሥሪያ ቤቴ አንድ ሰኞ ጠዋት ቅርንጫፎቹ ሁሉ አልገባም ብለው ነበር።

የአይቲው ልጅ፦ ዓመቱን ያስታውሱታል?

አካውንታንቷ፦ በ2010 በእኛ፣ ወደ ሰኔ አካባቢ። የበጀት መዝጊያ ተቃርቦ ነበር።

የአይቲው ልጅ፦ እንግዲያው የክሬድኤስኤስፒ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ስክሪኑን ከማሳየቱ በፊት ማንነትን ያጣራል፤ ያንን የሚያጣራበት ክሬድኤስኤስፒ የሚባለው መንገድ ላይ ቀዳዳ ተገኘና በፈረንጆቹ መጋቢት 2018 ማስተካከያ ወጣ። ግንቦት ላይ ደግሞ ሌላ አፕዴት መጣና አዲሱን የተቀበለ ኮምፒውተር ያልተቀበለውን ሰርቨር እንዳያነጋግር አደረገ። በሠራተኞቹ ላፕቶፕ ላይ አፕዴቱ በራሱ ገባ። ሰርቨሩን ግን «እንዳይበላሽ» ብሎ አፕዴቱን ያጠፋው ሰው ነበር።

አካውንታንቷ፦ የባንክ ማስታረቂያ በለው። የእኔ መዝገብም ልክ፣ የባንኩም መዝገብ ልክ፣ አንዱ ግን አንድ ገጽ ቀድሞ ሄዷል።

የአይቲው ልጅ፦ በትክክል። ያኔ የብዙዎቹ መፍትሔ ምን ነበር መሰለዎት? ላፕቶፖቹ ላይ አዲሱን ጥበቃ ማጥፋት። ሠራ፣ ሁሉም ደስ አለው። መሠራት የነበረበት ግን የሰርቨሩ አፕዴት ነበር። እኔ ይህን ዓይነቱን ጥገና አልወደውም፤ የታመመው ሌላ፣ መርፌ የተወጋው ሌላ።

አካውንታንቷ፦ አንተ ደግሞ ስታጋንን።

የአይቲው ልጅ፦ ይሁን። አንድ ሌላ ልንገርዎት፤ ይሄ እዚህ አገር ካልሆነ የትም አይገጥምም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአንዲት ልጅ ዊንዶውስ ላፕቶፕ ወደ ሰርቨሩ አልገባም አለ። በሰርቨሩ ስም ስትጠራው እምቢ፣ በቁጥር አድራሻው ስትጠራው እሺ። በስም አልሆን ብሎ በቁጥር ከሆነ ሰው ሁሉ የሚሮጠው ስምን ወደ ቁጥር ወደሚለውጠው ወደ ዲኤንኤስ ነው። ዲኤንኤሱ ደህና ነው። በኋላ መልእክቱን አንብቢልኝ ስላት ስለ ቀንና ሰዓት ልዩነት ያወራል። ሰዓቷን አየሁ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፣ ላፕቶፑም 3 ይላል።

አካውንታንቷ፦ ታዲያ ልክ ነዋ!

የአይቲው ልጅ፦ ለእኛ ልክ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን 9 ሰዓት መሆን ነበረበት። ልጅቷ በፈረንጅ ሰዓት ማንበብ ሰልችቷት በእጇ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሳዋለች። የጊዜ ቀጠናው አልተነካም፣ ስለዚህ ማሽኑ ከዓለም ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሰርቨሩን በስም ሲጠሩት ከርበሮስ የሚባለው ማንነት አጣሪ ነው የሚሠራው፤ እሱ ደግሞ በሁለቱ ማሽኖች ሰዓት መካከል ከአምስት ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገሥም። በቁጥር ሲጠሩት ሌላ የቆየ ዘዴ ስለሚጠቀም አለፈ። መብራት ሲጠፋ ቆይቶ የውስጥ ባትሪያቸው የሞተ ኮምፒውተሮችም እንደዚሁ ናቸው። በበሩ ቁጥር ዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሰው ግን ኔትወርኩን ይራገማል።

አካውንታንቷ፦ የእኔም ላፕቶፕ በኢትዮጵያ ሰዓት ነው መሰለኝ።

የአይቲው ልጅ፦ ዛሬውኑ ይመልሱት።

አካውንታንቷ፦ እሺ። የገረመኝን ሌላ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው ወር አንተ ከሌላ ክፍል ሆነህ ወደ እኔ ኮምፒውተር ስትገባ ስክሪኔ ተቆለፈብኝ። ሥራ አስኪያጁ በማካቸው ሲያዩ ግን እሳቸውም ማሽኑ ፊት የተቀመጠውም እኩል ያያሉ። ነገሩ አንድ አይደለም እንዴ?

የአይቲው ልጅ፦ አይደለም፤ ግማሹ ግራ መጋባት የሚመጣው ከዚህ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከሩቅ የገባ ሰው ወንበሩን ይወስዳል፤ እዚያ የተቀመጠው ስክሪኑ ይቆለፍበታል። ተራው ዊንዶውስ በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስተናግደው። ማክ በራሱ ስክሪን ማጋሪያ ሲሆን መነሻው ቪኤንሲ ነው፤ በፈረንጆቹ 1998 ከካምብሪጅ ላብራቶሪ የወጣ ነው፣ ፖርቱ 5900። ቪኤንሲ የሚያሳየው ያንኑ ስክሪን ነው፤ መዳፊቱን ሁለት ሰው ይጎትተዋል። ሊኑክስ ላይ ኤክስአርዲፒ የሚባለውን ከጫኑ ደግሞ የተቀመጠውን ሰው ሳይነካ ከጎኑ አዲስ ስክሪን ይከፍታል። ልጅዎ እርስዎን ለመርዳት ከዊንዶውስ ወደዚያ ኡቡንቱ ላፕቶፕ ሞክሮ ያውቃል?

አካውንታንቷ፦ ሞክሮ ጥቁር ስክሪን አሳየኝ ብሎ ትቶታል። እኔ ያኔ ላፕቶፑን ከፍቼ ቁጭ ብያለሁ፤ በእኔ በኩል ምንም አልታየም።

የአይቲው ልጅ፦ በእርስዎ ስም ነው የገባው?

አካውንታንቷ፦ በማን ይግባ ታዲያ? አንድ ስም ነው ያለው።

የአይቲው ልጅ፦ ምክንያቱ ያ ነው። አንድ ተጠቃሚ ላፕቶፑ ላይ ተቀምጦ ሳለ በዚያው ስም በኤክስአርዲፒ ሁለተኛ ስክሪን ሲጠየቅ፣ የኡቡንቱ ዴስክቶፕ «አንዴ ከፍቻለሁ እኮ» ይላል፤ ጥቁር ያሳይና ይዘጋል። የይለፍ ቃሉን ተቀብሏል፣ ኔትወርኩም ደህና ነው። እርስዎ ወጥተው ቢሆን ይገባ ነበር። እርስዎ እያዩ እንዲረዳዎት ከሆነ የተፈለገው ግን ኤክስአርዲፒ መሣሪያው አይደለም። ኡቡንቱ ከ22.04 ጀምሮ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ ያለው ስክሪን ማጋሪያ በሪሞት ዴስክቶፕ ቋንቋ ይናገራል፤ እሱን ማብራት ነው። ሁለቱን አብሮ ማብራት ደግሞ አይሆንም፣ ሁለቱም 3389ን ይሻሉ።

አካውንታንቷ፦ አሁን ዋናውን ልጠይቅህ። እኔ የቫውቸሩን መግለጫ በአማርኛ ነው የምጽፈው። ከላፕቶፑ አማርኛ ይሄዳል?

የአይቲው ልጅ፦ ላፕቶፑ ላይ አማርኛውን በምንድን ነው የሚጽፉት?

አካውንታንቷ፦ ልጁ ጭኖልኛል፤ እንግሊዝኛ ፊደል ስነካ ግዕዙ ይመጣል።

የአይቲው ልጅ፦ እንግዲያው ላፕቶፑን እንግሊዝኛ ላይ አድርገው ይተዉት። ከሊኑክስ ሲገቡ ሪሚና የሚባለው የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም የሚልከው ፊደል አይደለም፤ «ከላይ ሁለተኛው ረድፍ፣ ሦስተኛው ቁልፍ ተነካ» የሚል ቦታ ነው የሚልከው። «ሰ» ሆኖ የተገጣጠመው ላፕቶፕዎ ውስጥ ስለሆነ መንገድ ላይ ይቀራል። ገጣጣሚው መሆን ያለበት የቢሮው ዊንዶውስ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ወይም ኪማን የሚባለውን የለመዱትን መጻፊያ እጭንልዎታለሁ። ቪኤንሲ በዚህ በኩል ተቃራኒ ነው፤ የቁልፉን ቦታ ትቶ የፊደሉን ማንነት ይልካል፣ ተቀባዩ ያንን ፊደል ማውጣት ካልቻለ ግን ዝም ብሎ ይውጠዋል።

አካውንታንቷ፦ ቋንቋ ለመቀየር የምነካቸው ቁልፎችስ?

የአይቲው ልጅ፦ ጥሩ አነሡ፤ እነሱን የሚጠልፍብዎት ላፕቶፑ ነው። ኡቡንቱ «ለእኔ ነው» ብሎ የራሱን ቋንቋ ይቀይራል፤ እርስዎ የቢሮው የተቀየረ ይመስልዎታል። ከዚያ ሁለቱም አማርኛ ይሆኑና የሚወጣው ፊደል ምን እንደሆነ አይታወቅም። ሪሚና ላይ ቁልፎችን ሁሉ ወደ ወዲያኛው የሚያሳልፍ ምልክት አለ፤ እሱን ከነኩ ይስተካከላል። አንዳንዴም ዊንዶውሱ የመጪውን ላፕቶፕ ኪቦርድ ተቀብሎ የማያውቁት ቋንቋ ይጨምራል። የመጪውን ኪቦርድ እንዳይቀበል የሚያደርግ የሬጂስትሪ መስመር አለ፤ እሱን እኔ አስገባለሁ።

አካውንታንቷ፦ ኔትወርኩ ሲዘገይስ?

የአይቲው ልጅ፦ የጀርባ ሥዕሉን ያጥፉ፣ ቀለሙን ወደ 16 ቢት ያውርዱ። ለፒችትሪ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

አካውንታንቷ፦ ይሄን ሁሉ ከምትደክም እንደ ጎረቤቴ ልጅ ኤኒዴስክ ብትጭንልኝስ? ቁጥር ተነግሯት ትገባለች፤ ፖርት የለ፣ ቪፒኤን የለ።

የአይቲው ልጅ፦ ቀላል መሆኑን አልክድም። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ወደ ኩባንያው ሰርቨር ወደ ውጭ ስለሚደውሉ ራውተር አያስቸግራቸውም፤ በዊንዶውስና በሊኑክስ መካከል ያለውን ልዩነትም ራሱ ይሸፍነዋል። ለአንድ ቀን እርዳታ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለዘወትር ግን የኩባንያው ሒሳብ መክፈቻ ሁሉም በስልክ የሚነግረው ቁጥር እንዲሆን አልፈልግም። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ቁጥሩን ንገሪኝ» የሚል ሰው ይመጣል።

አካውንታንቷ፦ ለእኔ አይነገርም። ግን ይሁን፣ በዚህ አልሟገትህም። የመጨረሻ ልጠይቅህ፤ ቅዳሜ መብራት ከሄደ?

የአይቲው ልጅ፦ እሱ ነው የሁሉም አባት። ዩፒኤሱ ካለቀ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ መብራት ሲመለስ ራሱ አይነሣም፣ ሰው እስኪያበራው ይተኛል። ሲጀምር ከሚመጣው ባዮስ ውስጥ «ኃይል ሲመለስ ተነሥ» የሚል ምርጫ አለ፤ ዛሬ ማታ አበራዋለሁ። እንቅልፍ የሚያስወስደውንም ከዊንዶውሱ አጠፋለሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ራሱን የሚያስተኛ ማሽን ከሩቅ ሲጠሩት ዝም ነው።

አካውንታንቷ፦ ያ ምርጫ የሌለው አሮጌ ማሽን ቢሆንስ? የእኔኛው ከእኔ ጋር ነው ያረጀው።

የአይቲው ልጅ፦ ያኔ ቅዳሜ ተረኛ የሆኑት ጥበቃ ቁልፉን ወስደው ገብተው ይጫኑታል። አረንጓዴዋ መብራት ስትበራ ይደውሉልዎታል።

አካውንታንቷ፦ ጥበቃው? ሒሳብ ክፍልን ለጥበቃ ልክፈት?

የአይቲው ልጅ፦ ወይ እርስዎ ቅዳሜ ታክሲ ይዘው ይምጡ።

አካውንታንቷ፦ ባዮሱን ዛሬ እየውና ከሌለው አዲስ ኮምፒውተር እንዲገዛ የግዢ መጠየቂያ ጻፍ። እኔ እፈርምልሃለሁ።